ከጂም በር ላይ መመለስን እንዴት ላቁም?

ጥያቄ፦
ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ቀድሞ የስፖርት ክፍለ ጊዜ በፕሮግራም ተይዞልን ስለነበር ሳልወድም ቢሆን እንቀሳቀስ ነበር፤ አሁን ግን የሚጠራኝም የሚቆጣጠረኝም ስለሌለ ቀኑን ተቀምጬ እውላለሁ። ሁለት ጊዜ እስከ ጂሙ በር ሄጄ ተመልሻለሁ። እንደ እኔ ያለች ጀማሪ መሣሪያውን ስትነካካ የሚሳቅባት ይመስለኛል። ፍላጎቱ አለኝ፤ ድፍረቱ እስኪመጣ መጠበቅ ይሻለኛል?

መልስ 1፦
እህቴ፣ ፍላጎትና «እችላለሁ» ብሎ ማመን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንቺ የጎደለሽ ሁለተኛው ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳብራራው፣ ይህ እምነት ከአራት ምንጮች የሚገኝ ሲሆን፣ እነሱም ራስ ሞክሮ ማሳካት፣ የሌሎችን መሳካት ማየት፣ የሰው ማበረታቻ እና ሰውነታችን የሚሰጠን ስሜት ናቸው። ከሁሉም የሚበረታው የመጀመሪያው ስለሆነ፣ ድፍረቱ ከሙከራው በኋላ እንጂ በፊት አይመጣም። አራተኛውን ብዙዎች ይዘነጉታል፦ ጀማሪ ልቡ ሲመታና ትንፋሹ ሲቆራረጥ አለመቻሉን የሚያሳይ ምልክት አድርጎ ይወስደዋል፤ ነገር ግን ልብ በፍጥነት መምታቱ ጡንቻ የሚፈልገውን ኦክስጅን ለማድረስ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከአቅም በላይ ክብደት ማንሳት ግን አይገባም፤ በማግስቱ የሚመጣው የጡንቻ ሕመም የጀመርሽውን ያስተውሻልና።

መልስ 2፦
በመሠረቱ እስማማለሁ፤ ሆኖም ጂም ግዴታ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ሲሆን፣ ፈጠን ያለ እርምጃም ይቆጠራል። ቀድሞ አንዱ እንቅስቃሴ ቢያንስ 10 ደቂቃ እንዲቆይ ይጠየቅ የነበረው ቀርቷል፤ ስለዚህ ከክፍል ወደ ክፍል የምትሄጂበት መንገድ ራሱ ዋጋ አለው። ጡንቻን የሚያጠናክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ይመከራል፤ እሱንም በመኝታ ክፍልሽ ቁጭ ብድግ በመሥራት መጀመር ትችያለሽ።

መልስ 3፦
እኔ አንደኛ ዓመት ሳለሁ ለዓመታት ከሠራ ጓደኛዬ ጋር ገብቼ በሁለተኛው ሳምንት አቋረጥኩ፤ እሱን ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ የራሴ ድክመት ነበር። በኋላ እንደ እኔ ከዜሮ ከጀመረ ልጅ ጋር ስሠራ ግን «እሱ ከቻለ እኔስ?» ማለት ጀመርኩ። አጋር ስትመርጪ ይህን አስቢበት፤ ሰው የማይበዛበትንም ሰዓት አስቀድመሽ ጠይቂ።

ጠያቂዋ፦
አመሰግናለሁ። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬም ከበር ተመላሽ መሆኗን ዛሬ ነገረችኝ፤ ሐሙስ ከክፍል በኋላ አብረን እንሄዳለን።