ጥቆማ፦ ለሚኒሶታ ብርድ የማይበገሩ አበቦች

አዲስ ቤት ገብታችሁ ጓሮው ራቁቱን ለቀረባችሁ፣ መጀመሪያ ፒዮኒ የሚባለውን አበባ ትከሉ። በየዓመቱ ሜይ ላይ ፔቱኒያ የሚባለውን የአንድ ወቅት አበባ እየገዛን እንተክላለን፤ ከባድ ውርጭ ሲመጣ አለቀ። ፒዮኒ ግን ላዩ ቢደርቅም ሥሩ አይሞትም። ቦታው ከተስማማው 50 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። እንዲያውም ክረምቱ በደንብ ካልቀዘቀዘ አያብብም።

ከፒዮኒ ዝርያዎች የኔ ምርጫ ፌስቲቫ ማክሲማ ነው። ከ1851 ጀምሮ ያለ ነው። ነጭ ሆኖ መሃሉ ላይ ጣል ጣል ያለ ደማቅ ቀይ ነጠብጣብ አለው፤ ሽታውማ ልዩ ነው። ሳራ በርናርድ የምትባለው ሮዝም ታምራለች፣ ግን አበባዋ ስለሚከብድ ዝናብ ሲመታት ትተኛለች። የሽቦ ድጋፍ አስቀድማችሁ አድርጉላት። እንቡጡ ላይ ጉንዳን ብታዩ ተዉት፤ ጣፋጩን ፈሳሽ ሊልስ ነው የመጣው፣ ተክሉን አይጎዳም።

የት ይገዛ? በጸደይ በየሱቁ በከረጢት የሚሸጠው ሥር ርካሽ ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ትንሽና የደረቀ ነው። ባክማንስ ወይም ገርተንስ የሚባሉት የተክል መሸጫዎች ብትሄዱ በማሰሮ የበቀለውን አይታችሁ ትመርጣላችሁ፤ ዋጋው ግን ጠንከር ይላል። ብዙ ዓይነት ተክል ባንድ ቦታ ለማየት ደግሞ ሜይ ላይ በስቴት ፌር ግቢ የሚካሄደው የፍሬንድስ ስኩል (ትምህርት ቤት ነው) የተክል ሽያጭ ጥሩ ነው። ለፒዮኒ ብቻ ከሆነ ግን ሥሩን አዝዛችሁ ሴፕቴምበር ላይ መትከል ይሻላል። ከ3 እስከ 5 ጎንቁል (ሥሩ ላይ ያለው የሚበቅለው እምቡጥ) ያለው ይሁን። ጎንቁሉ ከ2 ኢንች በላይ አፈር እንዳይጫነው! ጠልቆ ከተቀበረ ለዓመታት ቅጠል ብቻ ነው የምታዩት።

ጥላ ለሚበዛበት ጓሮ ሆስታ የሚባለው ቅጠላማ ተክል ጥሩ ነው፣ አጋዘን ከሌለ። ካለ ባንድ ሌሊት ግንዱን ብቻ ያስቀርላችኋል። ዴይሊሊ የሚባለው አበባ ማንኛውንም አፈር ይችላል ማለት ይቻላል፤ ድመት ያላችሁ ግን ተዉት፣ ለድመት ገዳይ መርዝ ነው። ባፕቲሺያ የምትባለው ተክል ሰማያዊ አበባዋ ያስደስታል፣ ለመድረስ ግን ሦስት ዓመት ገደማ ትፈጃለች። ሥሯ ጥልቅ ስለሆነ ከተተከለች በኋላ መነቀል አትወድም።

የትም ብትገዙ ወረቀቱ ላይ ያለውን የዞን ቁጥር እዩ፤ ተክሉ ምን ያህል ብርድ እንደሚችል ይነግራል፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብርዱን ይበልጥ ይችላል። የ2023ቱ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የዞን ካርታ ሜኒያፖሊስን ዞን 5 ውስጥ አስገብቷል። እኔ ግን አሁንም 4 ወይም 3 የሚል ካልሆነ አልገዛም።