ለአንድ ግቢ ሁለት ካርታ! ምን ላድርግ?

እባካችሁ ሕግ የምታውቁ አማክሩኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አባታችን ያወረሰን ግቢ አለ። የግብር ደረሰኞቹን እናቴ እስካሁን በኒዶ ጣሳ ውስጥ አጣጥፋ ታስቀምጣለች። ባለፈው ወር አንድ ሰውዬ የዚሁኑ ቦታ ካርታ ይዞ ከሰሰን። የእሱ አዲስ ነው፤ ማኅተሙም እውነተኛ ይመስላል። መዝገብ ቤት ሄደን ስንጠይቅ የእኛ ፋይል የለም ተባልን። እግር አውጥቶ ሄደ እንዴ?

የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1195 ካርታ የያዘው ባለቤት ነው ብሎ ይገምታል። ቁጥር 1196 ደግሞ ካርታው ከደንብ ውጭ መሰጠቱ ከተረጋገጠ ግምቱ ይፈርሳል ይላል። ግን ሁለታችንም ካርታ አለን!

መልስ ለመስጠት 10 ቀን ቀርቶኛል። መጀመሪያ የእሱ ካርታ እንዲመክን (እንዲሰረዝ) የከተማ አስተዳደሩን ልጠይቅ ወይስ እዚያው ፍርድ ቤት የተከሳሽ ከሳሽነት (እኔም በተራዬ እሱን የምከስበት ክስ) ላቅርብ? ቦታውን ለሌላ እንዳያስተላልፍ እግዱንስ አሁኑኑ መጠየቅ እችላለሁ? እናቴ እንቅልፍ ካጣች ሰነበተች።