ሙሉ ሲስተም ባክአፕ ሳደርግ 128 ቴራባይት ፋይል ገጠመኝ

ማሂ፦
ሰላም ጓዶች። ኡቡንቱ ላፕቶፕ አለኝ፤ ዲስኩ 512 ጊጋ፣ የተያዘው 180 አካባቢ ነው። ሳይበላሽብኝ ብዬ ሙሉ ሲስተሙን 1 ቴራ ኤክስተርናል ላይ ልገልብጥ አሰብኩ። ተርሚናል ላይ ሱዶ አርሲንክ (ፋይል መቅጃ ትእዛዝ)፣ ምንጩን ሩት (የሁሉም ፎልደር መነሻ)፣ መድረሻውን ሚዲያ ስር ያለው ድራይቭ አድርጌ ለቀቅኩት። ቡና አፍልቼ ስመለስ ኬኮር የሚባል ፋይል ላይ ተቸክሏል። መጠኑ 128 ቴራባይት! የኔ ዲስክ ግማሽ ቴራ ነው እኮ። "አልተፈቀደም" የሚል ስህተትም መአት ነው። ምን ነካው?

ሊኑክሱ፦
መጀመሪያ ኮንትሮል ሲ ብለሽ አቁሚው። ኬኮር ዲስክሽ ላይ የለም። ያለው ፕሮክ የሚባል ፎልደር ውስጥ ነው፤ እዚያ የምታዪውን ሁሉ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ነው እዚያው የሚፈጥረው። ሲስና ዴቭ የሚባሉት ፎልደሮችም እንደዚያው፤ ራን ደግሞ ሚሞሪ ላይ ብቻ ነው ያለው። ደግሞ ኤክስተርናሉ ራሱ ሩት ስር ነው የተሰቀለው፤ ድራይቩን ወደ ራሱ ልትቀጂው ነበር ማለት ነው።

የሰፈር ቴክኒሻን፦
እህቴ ምን አለፋሽ፣ በዲዲ (ዲስክን ባዶ ቦታውን ጨምሮ በሚቀዳው ትእዛዝ) ዲስኩን እንዳለ ገልብጪው።

ጉድ ያየ፦
ዲዲን ቀስ! እኔ አንድ ሌሊት ምንጩንና መድረሻውን አቀያይሬ ጻፍኩ። ባዶው ዲስክ በሞላው ላይ ተገለበጠ። ዲዲ "እርግጠኛ ነህ?" ብሎ አይጠይቅም። ባዶውንም ቦታ ስለሚቀዳ 180 ጊጋ ይዘሽ 512ቱን ሙሉ ትጠብቂያለሽ። ሲስተሙ እየሠራ ሳለም አይሆንም፣ ከላይቭ ፍላሽ (ሊኑክስ ከተጫነበት ፍላሽ) መነሳት አለብሽ። ዲስኩ ማንበብ እያቃተው ከሆነ ግን ዲዲሬስኪው ይሻላል።

ሊኑክሱ፦
ማሂ፣ "አልተፈቀደም" የሚልሽ ድራይቩ ፎርማቱ ኤክስፋት ስለሆነ ይመስለኛል። የሊኑክስን ባለቤትነትና ፈቃድ አይዝም፣ ሲምሊንክም (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ) አይቀበልም። የሊኑክስ ፎርማት የሆነውን ኤክስት4 አድርጊው። ፎርማት ስታደርጊ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ አትርሺ!

ከዚያ የአርሲንክ አማራጮቹ፦ ትንሿ ኤ፣ ትልቋ ኤ፣ ትልቋ ኤክስ፣ ትልቋ ኤች፣ ትንሿ ኤክስ (-aAXHx)። ቁልፏ የመጨረሻዋ ናት። ከሩት ፋይል ሲስተም አትውጣ ትለዋለች፤ ፕሮክን፣ ሲስን፣ ኤክስተርናሉንም ባዶ ፎልደር አድርጋ ታልፋቸዋለች። ሆምሽ (የራስሽ ፋይሎች ያሉበት ፎልደር) የተለየ ፓርቲሽን ላይ ከሆነ ግን እሱንም ትዘላለች። ቡት ስር ያለውን ኢኤፍአይም (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚያነበው ፓርቲሽን) እንዲሁ። እነሱን ለብቻ ቅጂ። በመጀመሪያው ዙር ትንሿን "n" ጨምሪ፤ ምንም ሳይነካ ምን እንደሚቀዳ ብቻ ያሳይሻል።

ማሂ፦
እውነትም ኤክስፋት ነበር። የእህቴን የሰርግ ፎቶዎች ወደ ሌላ አዛውሬ ፎርማት አደረግኩት። መሃል ላይ መብራት ሄደ፣ የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። ያንኑ ትእዛዝ ስደግመው ያለቁትን ፋይሎች ዘሎ ቀጠለ። ተባረኩ! አዲስ ዲስክ ላይ ስመልሰውስ በቀጥታ ይነሳል?

ጉድ ያየ፦
አይነሳም። ከላይቭ ፍላሽ ተነስተሽ ፋይሎቹን መልሺ፣ ኤፍኤስታብ (ሲስተሙ ሲነሳ የሚሰቅላቸው ፓርቲሽኖች ዝርዝር) ውስጥ ያሉትን የድሮ ዩዩአይዲዎች (የፓርቲሽኖቹ መለያ ቁጥሮች) በአዲሶቹ ተኪ፣ ከዚያ በሲኤችሩት ትእዛዝ ወደ መለስሽው ሲስተም ገብተሽ ግራብን (ሲስተሙን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) እንደገና ጫኚ። ብዙ ሰው ዩዩአይዲውን ረስቶ ጥቁር ስክሪን ላይ ያፈጣል።

ማሂ፦
ያንን ረጅም ቁጥር ከአሁኑ ወረቀት ላይ ልጻፈው?

ጉድ ያየ፦
ኧረ ተይው! አዲሱ ዲስክ ገና የራሱን ቁጥር አላገኘም። ፎርማት ካደረግሽው በኋላ ሱዶ ብልክአይዲ ስትዪ ያወጣልሻል፤ ኮፒ ፔስት።