የበረንዳ ኤሌክትሪክ ማሞቂያ፦ የቱን እንግዛ?

ህዳር ሲገባ ጥያቄው ይጀምራል። «በረንዳችን ላይ ማምሸት አልቻልንም፣ ጥሩ ሂተር ጠቁመን» የሚል። ቀን ፀሐዩ አናት ሲበሳ ይውልና ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ሌላ ከተማ ትሆናለች። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር አልፈን ነው የምንኖረው። በበጋ ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ቶሎ ይለቀዋል። ከህዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። እንጦጦ ሥር ያላችሁ ይብስባችኋል። ደብረ ብርሃን ያላችሁማ አይወራም።

ጥቆማዬን ላስቀምጥ። መጀመሪያ ግን የማልመክረውን ልናገር፣ ምክንያቱም ሱቅ ስትገቡ ቀድሞ የሚወጣላችሁ እሱ ነው።

ባለ ፋኑን ሂተር ለበረንዳ አትግዙ። ሥራው አየር ማሞቅ ነው። በረንዳ ላይ የሞቀ አየር ደግሞ የናንተ አይደለም፣ የነፋሱ ነው። ባለ ዘይቱም ያው ነው። ዴሎንጊን የመሳሰሉ ኩባንያዎች የሚሠሩት ባለ ዘይት ራዲያተር ለመኝታ ቤት ግሩም ዕቃ ነው፤ ድምፅ የለው፣ ብርሃን የለው፣ ልጅ ክፍል ውስጥ እንኳ ያምራል። ውጭ ሲወጣ ግን ቆጣሪው ይሮጣል፣ እናንተም ጋቢያችሁን እንደለበሳችሁ ትቀራላችሁ።

በረንዳ ላይ የሚሠራው ኢንፍራሬድ ብቻ ነው። አየሩን ትቶ ጨረሩ ያረፈበትን ሰው፣ ወንበርና ወለል ያሞቃል። የጠዋት ፀሐይ ላይ ቁጭ ስንል አየሩ ቀዝቅዞ ፊታችን የሚሞቀው በዚሁ መንገድ ነው። ጉድለቱም ከዚሁ ይመጣል፦ ጨረሩ ያልደረሰበት ጀርባ ይበርደዋል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ከመስቀል ሁለት መካከለኛ ፊት ለፊት ወይም ግራና ቀኝ መስቀል ይሻላል። አንድ 3,000 ዋት ከሚገዛ ሰው ይልቅ ሁለት 1,500 የሚገዛው ብልህ ነው እላለሁ።

ኢንፍራሬዱ ራሱ በሦስት ይከፈላል። ሃሎጅኑ እንደበራ በሰከንድ ውስጥ ይሞቃል፣ ነፋስንም ከሌሎቹ በተሻለ ይቋቋማል። ብርሃኑ ግን ኃይለኛ ብርቱካናማ ነው። ጥብሱም ሰላጣውም አንድ ቀለም ይሆናል፣ ፎቶ ማንሳትማ አይታሰብም። ካርቦኑ ትንሽ ይዘገያል፣ ብርሃኑ ግን ለስለስ ያለ ነው። ሴራሚኩ ወይም ፓነሉ ጭራሽ ብርሃን የለውም። ውበቱ ደስ ይላል፣ ለመሞቅ ግን ብዙ ደቂቃ ይፈልጋል፣ ነፋስ ካለም ይሸነፋል።

የኔ ምርጫ እንዲህ ነው። በረንዳው ጣሪያ ኖሮት ቢያንስ በሁለት በኩል ግድግዳ ካለው፣ ካርቦን። ክፍት ከሆነ፣ ሃሎጅን። በመስታወት ከተዘጋ፣ ሴራሚክ። ሦስቱንም በአንድ ዋጋ አምጥተው ምረጥ ቢሉኝ ለቤት ካርቦኑን አነሳለሁ። ሰው ፊቱ ሳይቀላ ቡናውን የሚጠጣበት እሱ ነው።

አሁን ሳጥኑን አዙሩና አይፒ (IP) የሚሉትን ሁለት ፊደላትና ከጎናቸው ያለውን ቁጥር ፈልጉ፤ ዕቃው አቧራና ውኃ ምን ያህል እንደሚችል የሚነግራችሁ እሱ ነው። 20 ካለ የቤት ውስጥ ዕቃ ነው፤ ውኃ ከነካው ያበቃል። 44 ካለ ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውኃ አይጎዳውም፤ ጣሪያ ላለው በረንዳ ይበቃል። ዝናብ በቀጥታ የሚያገኘው ቦታ ከሆነ 55 ወይም 65 ፈልጉ። እነ ጊፓስና ኒካይ በዱባይ ገበያ የሚታወቁባቸው መሬት ላይ የሚቀመጡ ትንንሽ ሂተሮች ለሳሎን የታሰቡ ናቸው። ዋጋቸው ይማርካል። ግን «በረንዳም ሳሎንም ያው ነው» የሚል ሻጭ ካገኛችሁ ሳጥኑን ራሳችሁ አንብቡ።

ከዕቃው በላይ የሚያሳስበኝ ሽቦው ነው። 2,000 ዋት በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል፣ ያውም ለሰዓታት ሳያቋርጥ። የበረንዳችሁ አምፖል የተዘረጋው ብዙ ጊዜ በ1.5 ሚሊ ሽቦ ነው። ከዚያ ቀጥላችሁ ሂተር አትስቀሉ። ከብሬከር ሳጥኑ ራሱን የቻለ 2.5 ሚሊ ሽቦ በኮንዲዩት (በሽቦ መከላከያ ቱቦ) ይሳብ፣ ለብቻው ባለ 16 አምፔር ብሬከር ይቀመጥለት፣ ኧርዝ ይኑረው። ዲቫይደር ላይ መሰካት የሚባለውን እርሱት። ሠራተኛ ስትጠሩ «ሂተር ልስቀል» ሳይሆን «መስመር ይሳብልኝ» በሉት። ሥራው ሌላ ነው፣ ዋጋውም ሌላ ነው፣ ግን ገንዘባችሁን እዚህ ላይ አትቆጥቡ።

እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ነው። ከ2,000 ዋት ሂተር ጋር ሲደመር 25 አምፔር ይደርሳል። ፍሪጁ፣ የኤሌክትሪክ ጀበናው፣ የሻወር ቦይለሩ ገና አልተቆጠሩም። ሲንግል ፌዝ፣ ማለትም አንድ የኃይል መስመር ብቻ፣ ላለው ቤት ይህ ብዙ ነው። ምጣዱ ሲጣድ ሂተሩ ይጥፋ።

«ሂተሬ ደከመ» የሚል ቅሬታም እሰማለሁ። ብዙ ጊዜ የደከመው መብራቱ ነው። ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ሲያበራ ቮልቴጁ ወደ 190 ቢወርድ 2,000 ዋት የተባለው ዕቃ 1,500 ገደማ ብቻ ነው የሚሰጣችሁ። ቮልቴጅ ትንሽ ሲቀንስ ሙቀቱ በብዙ ይቀንሳል። ሰፈራችሁ እንዲህ ከሆነ ከፍ ያለ ዋት ውሰዱ፣ ሽቦውንም በዚያው ልክ።

የሚመጣው ክፍያስ? ዋጋ እዚህ አልጻፍኩም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዕቃ ዋጋ ጽፎ ማስቀመጥ አያስተማምንም። የመብራት ታሪፉም ከ2017 ጀምሮ በየጊዜው ከፍ እንዲል ተደርጎ የወጣ ነው። ቆጣሪው ግን አይዋሽም። 2,000 ዋት በቀን 3 ሰዓት ቢሠራ 6 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ በወር 180። ታሪፉ በደረጃ ስለሆነ ብዙ የሚጠቀም ቤት ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የበለጠ ይከፍላል። የወሩ ፍጆታችሁ 150 ከነበረ 330 ይሆናል፣ የምትገቡበትም ደረጃ ይለወጣል። ያለፈውን ደረሰኝ አውጡና በራሳችሁ ቁጥር አስሉት። እኔ ብሆን ሰዓት ቆጥሮ የሚያጠፋ ታይመር ያለው እመርጣለሁ። ቴርሞስታት ግን ውጭ ላይ ብዙም አይጠቅምም፤ የውጭው አየር የተባለው ዲግሪ ላይ ስለማይደርስ ዕቃው ዝም ብሎ ይነዳል።

ወደ ግዢው እንምጣ። ሰው የሚገዛው በሦስት መንገድ ነው፦ ከመርካቶ፣ ከቦሌና መገናኛ የቤት ዕቃ ሱቆች፣ ከቴሌግራም ሻጮች። መርካቶ ምርጫው ሰፊ ነው፣ ዋጋውም ይወርዳል፣ ግን የምታውቁትን ይዛችሁ ሂዱ። «ኦሪጅናል ነው» የሚለው ቃል ለሁሉም ዕቃ ይሠራል እዚያ። የቦሌው ሱቅ ይወደዳል፤ በምትኩ ደረሰኝና ዋስትና ይሰጣል። ዋስትናው በወረቀት ካልሆነ ግን ዋስትና አትበሉት። ቴሌግራም ላይ ፎቶው ከሌላ አገር ገጽ የተወሰደ ሊሆን ስለሚችል ከኋላው የተለጠፈውን ጽሑፍ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ላክልኝ ስትሉት ዝም ያለ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

የትም ግዙ፣ ሱቁ ውስጥ አስበሩት። ከተቻለ ኤሌክትሪሺያናችሁ ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ አምፔር የሚለካ መሣሪያ) ይዞ ይምጣ። 2,000 ዋት ተብሎ 5 አምፔር ብቻ ከሳበ ሳጥኑ ዋሽቷል። በተቃራኒው 3,000 ዋት ተብሎ ገመዱ የስልክ ቻርጀር ገመድ የሚያህል ከሆነ ለማብራትም አትድፈሩ።

ከውጭ ዘመድ «ላምጣልህ» የሚላችሁም ብዙ ናችሁ። ከአሜሪካ ከሆነ አመስግናችሁ ተዉት። የዚያ አገር ዕቃ በ120 ቮልት ነው የሚሠራው። 1,500 ዋት የተባለውን 220 ላይ ብትሰኩት ወደ 5,000 ዋት ሊስብ ይሞክርና ይቃጠላል። ቮልቴጁን የሚቀንስለት ትራንስፎርመርም ከሂተሩ ይከብዳል፣ ይወደዳልም። ከዱባይ የሚመጣው ቮልቴጁ ይስማማል፤ ስፒናው ግን ሦስት አራት ማዕዘን ጥርስ ነው። ርካሽ አዳፕተር ላይ 9 አምፔር ለሰዓታት ማሳለፍ ፕላስቲክ ማቅለጥ ነው። ስፒናው ይቆረጥና በቀጥታ ከመስመሩ ጋር ይታሰር። ከጀርመን ወይም ከጣሊያን የሚመጣው ብዙ ችግር የለበትም።

አሰቃቀሉ ላይ ግድ የለሽ አትሁኑ። ከ2 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ወደ ተቀማጩ አዘንብሎ ይሰቀል። የብዙ ቤት በረንዳ ኮርኒሱ ፒቪሲ ነው፣ አንዳንዱም አቡጀዲ። ሂተር ከዚህ ጋር ተጠግቶ አይሰቀልም። ከላይና ከጎን ስንት ሴንቲ ክፍተት እንደሚፈልግ መመሪያው ላይ አለ፣ እሱን ጠብቁ። ኮርኒሱ ላይም አይታሰር፤ ግድግዳ ወይም ብረት ቋሚ ይፈልጋል። ብየዳ ቤት ሄዳችሁ ከግድግዳ ወጣ የሚያደርግ ክንድ ብታሠሩ ቀላል ሥራ ነው። የፋይበር ጣሪያ ያላችሁ ደግሞ ሁለት ጊዜ አስቡ።

ኮንዶሚኒየም ላላችሁ ምክሬ አጭር ነው። በረንዳው ጠባብ ነው፣ የልብስ ገመዱም እዚያው ነው። የተሰጣ ልብስ ካለ ሂተር የለም። ሁለት ሰው ለሚቀመጥበት ቦታ 1,000 ወይም 1,200 ዋት ካርቦን ይበቃል።

ካፌና ምግብ ቤት ያላችሁ ስሪ ፌዝ (ሦስት የኃይል መስመር) ስላላችሁ ሰፋ ማለት ትችላላችሁ። ሂተሮቹን በሦስቱ ፌዝ እኩል አከፋፍሉ፣ ለየጠረጴዛው ማብሪያ ስጡት። ባዶ ወንበር የሚያሞቅ ካፌ ብዙ አይቻለሁ። መብራት ሲጠፋ ሂተሮቹ ጄኔሬተሩ ላይ እንዳይገቡ ለዩአቸው፤ ባለ 2,000 ዋት ስድስት ሂተሮች ብቻ 12 ኪሎዋት ናቸውና የቡና ማሽኑን ይዘው ይወድቃሉ።

ከጋዝ ጋር አወዳድርልን ላላችሁም፦ ሆቴሎች ደጅ የምታዩት ባርኔጣ ያለው ረጅሙ የጋዝ ማሞቂያ ብዙውን ጊዜ 13 ኪሎዋት አካባቢ ነው። ሙቀቱ ይሰማል፣ ሽቦም አይፈልግም። ግን በሙሉ ኃይሉ በሰዓት 1 ኪሎ ገደማ ጋዝ ይበላል፣ አብዛኛው ሙቀትም ወደ ሰማይ ነው የሚሄደው። ሲሊንደር ፍለጋ የሚያንከራትትበትን ሰሞን ጨምሩበት። ለሠርግ ምሽት እሺ፣ ለየዕለቱ አልመክርም።

ከሰል ላይ ግን ጥብቅ ነኝ። ክፍት በረንዳ ላይ ቡና ሲፈላ ያለው ማንደጃ አንድ ነገር ነው። ብርዱ በረታ ብሎ ሸራውን አውርዶ፣ ዙሪያውን ዘግቶ፣ ከሰል ይዞ መቀመጥ ሌላ ነገር ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በየዓመቱ በብርዱ ወቅት በዚህ የሚሞት ሰው ወሬ እንሰማለን። ሸራ ከወረደ ከሰልም ጋዝም አይገባም።

ሸራውን ራሱን ግን ከሁሉም በፊት አሠሩ። ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ብቻ የሚጠቀለል ወፍራም ግልጽ ፕላስቲክ ብታሰቅሉ፣ ከሂተሩ ርቆ፣ 2,000 ያሰባችሁት ዋት 1,500 ሊበቃው ይችላል። ሸራ ሰፊዎቹ መጥተው ለክተው ይሠራሉ። ነፋሱን ሳያስቆም ሂተር የሚደረድር ሰው ገንዘብ ተርፎታል።

ከመግዛታችሁ በፊት የመጨረሻው ጥያቄ ስለ መለዋወጫው ቱቦ፣ ሙቀቱን ስለሚሰጠው መስታወት፣ ነው። ብዙ አምራቾች ለሃሎጅን ቱቦ 5,000 ሰዓት ገደማ ይሰጡታል፤ ያ ማታ ማታ ለሚያበራ ቤት ዓመታት ነው። ግን ቱቦው ሲወድቅ ወይም ሲንቀጠቀጥ ይሰበራል። ሻጩ መለዋወጫ ካለው አንድ አብራችሁ ግዙ፣ ከሌለው ርዝመቱን ለክታችሁ መዝግቡት። ሲቀየር በባዶ እጅ አትንኩት፤ የጣት ቅባት መስታወቱን ያሳምመዋል፣ በንጹሕ ጨርቅ ያዙት። ከኋላው ያለውን አንጸባራቂ ቆርቆሮ የበጋ አቧራ ስለሚያለብሰው መስመሩን አጥፍታችሁ፣ ቀዝቅዞ፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ሰኔ ሲገባ አይፒ 44 የሆነውን አውርዳችሁ ሳጥኑ ውስጥ መልሱት። 55ና ከዚያ በላይ የሆነው እዚያው ሊከርም ይችላል፣ ብሬከሩ ግን ይውረድ።