ክርክር፦ ወላጆች ሲፋቱ እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ለእናት ይሰጥ የሚለው ደንብ ይመለስ?

መነሻ፦ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 681 ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ ከእናቱ ጋር ይቆይ ይል ነበር። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ተወው። አንቀጽ 113 ዳኛው የተጋቢዎቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም አይቶ ይወስን ይላል። የቀድሞው ይመለስ?

ጠበቃ፦ ይመለስ። ከእነዚህ ሁሉ በወረቀት ቶሎ የሚረጋገጠው ገቢ ነው። አባት የደመወዝ ደብዳቤ ያያይዛል፤ ልጅ ለማሳደግ ሥራ ያቆመች እናት ምን ታያይዝ? የገቢ ልዩነት በቀለብ ይካካሳል፤ ልጅ መንጠቂያ ሊሆን አይገባም።

ማኅበራዊ ሠራተኛ፦ በገቢው እስማማለሁ ወንድሜ፣ በመፍትሔው ግን አልስማማም። ቤት ድረስ ተሄዶ ሲጣራ የሚታየው ሌላ ነው፤ የክትባት ካርዱን የያዘው ማን ነው፣ ልጁ ከማን ጋር ይተኛል፣ ወላጅ ሥራ ሲውል ማን ይጠብቀዋል? ውሳኔው «ለእናት» ወይም «ለአባት» ይላል፤ ልጁ ግን ብዙ ጊዜ የሚውለው ከአያት ወይም ከሠራተኛ ጋር ነው። ይህ በሪፖርቱ ካልሰፈረ ዳኛው በጨለማ ይወስናል። የአራት ዓመት ልጅንም «እናትህን ነው አባትህን የምትወደው?» ብሎ መጠየቅ ማስጨነቅ ነው። «ጠዋት ማን ያለብስሃል? ሲያምህ ማንን ትጠራለህ?» ሲባል ራሱ ይነግርሃል።

የቀድሞ ዳኛ፦ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት መዝገብ ቁጥር 23632 መረሳት የለበትም። የሥር ፍርድ ቤቶች እናት ከሞተች ሞግዚትነቱ የአባት ነው ብለው ለአባት ወሰኑ። ልጁን ለዓመታት ያሳደገችው ግን አክስቱ ነበረች። ሰበር በ2000 ዓ.ም. ስለ ሕፃናት መብት የሚደነግገውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36ና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ጠቅሶ ውሳኔውን ሻረ። ድርቅ ያለ ደንብ ቢሆን ልጁ ካሳደገችው ተነጥሎ ነበር።

ጠበቃ፦ ጋሼ፣ እዚያ ለዓመታት የቆየ አስተዳደግ ነበር፤ እኔ የማወራው ስለ ጡት ልጅ ነው። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ ጉዳዩን የሚወስነው የመጨረሻው ፍርድ ሳይሆን በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 82 መሠረት ፍቺ ሲጠየቅ የሚሰጠው ጊዜያዊ ትእዛዝ ነው። ቀጠሮ ሲንዛዛ ልጁ ካለበት ይላመዳል፤ ፍርዱ ሲደርስ «ከለመደበት አይነቀል» ይባላል። ስለዚህ ሰው ልጁን ይዞ ለመቅደም ይሽቀዳደማል።

የቀድሞ ዳኛ፦ እዚህ ላይ ትክክል ነህ፤ ጉድለቱ ግን የአንቀጹ አይደለም። ጊዜያዊው ትእዛዝ ከቤት ማጣራት በፊት መሰጠቱ፣ የተሰጠበትም ምክንያት አለመጻፉ ነው። አጣዳፊ ከሆነ ይሰጥ፤ ማጣራቱ በምን ያህል ቀን እንደሚቀርብ ግን እዚያው ይቆረጥ። የመጎብኘት ትእዛዝም «በሳምንት አንዴ ይጎብኝ» ከተባለ በየሳምንቱ ጠብ ነው። «ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት፣ መረካከቢያው የአያቱ ቤት» ሲባል ግን የጣሰው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ቀለብም ቁርጥ ያለ ብር፣ የሚከፈልበት ቀንና መንገዱ ተጽፎ ነው።

ማኅበራዊ ሠራተኛ፦ ጠበቃው ስለ ጡት ልጅ ያለውን እቀበላለሁ፤ እሱን ግን ያለው ሕግም ይፈቅዳል፤ ዕድሜው አንድ መለኪያ ነውና። አባት በአጭሩና ደጋግሞ ይየው፣ ሌሊት ግን አይደር። ጡት ሲተው ጉብኝቱ ይስፋ ተብሎ ከወዲሁ ቢጻፍ፣ አባትየው ለአምስት ዓመት ተከልክሎ ለልጁ ባዕድ አይሆንበትም።