ኢዝ ወይስ አር? ለጣና ጉብኝት ገለጻ

ጀልባ ተራ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ገዳማቱ ለሚሄዱ እንግዶች አጭር የእንግሊዝኛ ገለጻ እየጻፍኩ ነው። «አይ አም፣ ዩ አር፣ ሂ ኢዝ» የሚለውን ሠንጠረዥ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝም ግን ይምታታብኛል። እስቲ እነዚህን እዩልኝ፦ «ዘ ፕሪስት አር ኢንሳይድ»፣ «ዜር ኢዝ ሜኒ አይላንድስ»፣ «ዋን ኦቭ ዘ ቸርችስ አር ራውንድ»። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ሰዋስው ወዳድ፦ ወንድሜ፣ ሦስቱም መታረም አለባቸው፤ ምክንያታቸው ግን ይለያያል።

የመጀመሪያው የአክብሮት ጣጣ ነው። እኛ «ቄሱ ውስጥ ናቸው» እንላለን፤ «ናቸው» ለብዙም ለአንቱታም ያገለግላል። የእንግሊዝኛ ግስ አንቱታ አያውቅም፤ አንድ ቄስ ምንም ቢከበሩ «ዘ ፕሪስት ኢዝ» ነው። «አር» የሚመጣው ቄሶቹ ብዙ ሲሆኑ፣ «ፕሪስትስ» ሲባል ነው። «ዩ» ግን ለአንተም፣ ለአንቺም፣ ለእርስዎም፣ ለእናንተም ሁልጊዜ «አር» ነው።

ሁለተኛው ላይ «ዜር» ባለቤት አይደለም፤ ባለቤቱ ከግሱ በኋላ ይመጣል። «ብዙ ደሴት አለ» ማለት ስለለመድን በነጠላ እንሄዳለን። «አይላንድስ» ብዙ ስለሆነ «ዜር አር» በል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚስተው ነው። ከ«ኦቭ» ጀምሮ እስከ ግሱ ያለውን በጣትህ ሸፍነህ አንብበው፦ «ዋን ... ኢዝ ራውንድ»። ግሱ የሚከተለው «ዋን»ን እንጂ አጠገቡ ያለውን ስም አይደለም። «ቸርችስ» ግን በብዙ ቁጥሩ ይቀራል፤ እሱን ወደ ነጠላ እንዳትመልሰው። በተቃራኒው «ዘ ፔይንቲንግስ ኦቭ ዑራ ኪዳነ ምሕረት» ካልክ፣ ስትሸፍነው የሚቀረው ሥዕሎቹ ናቸው፤ ስለዚህ «አር»።

የቀበሌው መምህር፦ የመሸፈኑ ዘዴ ጥሩ ነው፤ የማይሠራባቸውን ልጨምር። «ፒፕል» መጨረሻው ላይ ኤስ ባይኖረውም ብዙ ነው፦ «ዘ ፒፕል ኦቭ ዘጌ አር»። «ሕዝቡ ነው» ስለምንል እዚህ ላይ እንሳሳታለን። «ኤቭሪዋን» ደግሞ ሁሉንም ቢያጠቃልልም ነጠላ ነው፦ «ኤቭሪዋን ኢዝ ኦን ዘ ቦት»። ርቀትና ሰዓት እንደ አንድ መጠን ይቆጠራሉ፤ ስለ ጢስ ዓባይ መንገድ ስትናገር «ሰርቲ ኪሎሜተርስ ኢዝ ኖት ፋር» ትላለህ።

ሰዋስው ወዳድ፦ አንድ የቀረ አለ፤ «ሃቭ»ም ያው ችግር አለበት። «ኢን ሌክ ታና ሃዝ ሜኒ አይላንድስ» የሚል ጽሑፍ በብዛት ይታያል። «አለ»ን እና «አለው»ን ማደባለቅ ነው። ወይ «ሌክ ታና ሃዝ» ብለህ ሐይቁን ባለቤት አድርገው፣ ወይ «ዜር አር ሜኒ አይላንድስ ኢን ሌክ ታና» በል። በጥያቄና በአሉታ ጊዜ ነጠላነቱን የሚያሳየው «ዳዝ» ስለሆነ ግሱ ወደ «ሃቭ» ይመለሳል፦ «ዳዝ ዘ አይላንድ ሃቭ ኤ ቸርች?» ነው እንጂ «ዳዝ ... ሃዝ» አይባልም።