የአደባባዩ መብራት ዝም ብሏል፤ አሁን እንዴት ይሻገራል?

ቸኩያለሁ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ! አባቴ አደባባዩ ጋ ሊሻገሩ ቆመዋል። የእግረኛውን ቁልፍ ቢጫኑት ቢጫኑት ዝም። እኔ ሩቅ ነኝ፣ በስልክ እያወራኋቸው ነው። ምን ልበላቸው?

መሪ ጨባጭ፦ አንዴ ጠበቅ አድርገው ይጫኑትና ይጠብቁ። መደጋገም አያፈጥነውም።

ሳቂታው፦ የእኛ ሕንፃ ሊፍትም እንደዚሁ ነው።

የጥንት ሹፌር፦ መጀመሪያ ነገሩን እንረዳ። አደባባይ ብዙውን ጊዜ መብራት አያስፈልገውም። እንግሊዞች በ1966 እ.ኤ.አ. «ገቢው በውስጥ ለሚዞረው ቅድሚያ ይስጥ» ብለው ደነገጉ፤ ዓላማው ዙሩ እንዳይቆለፍ ነው፤ ገቢውም ቀስ ይላል። ግራ ቀኝ አይተው ይሻገሩ።

የዜብራ ዳር፦ መብራቱ ራሱ ጠፍቷል ወይስ ድምፁ ብቻ?

ቸኩያለሁ፦ በምን ያውቁታል? ዓይነ ስውር ናቸው እኮ! ሲፈቀድ ይጮህ ነበር፣ በእሱ ነው የሚሻገሩት።

ሳቂታው፦ ይቅርታ፣ አላወቅኩም።

የጥንት ሹፌር፦ ይህን መጀመሪያ አትናገርም? ቢሆንም መኪና ይሰማል።

ነጭ በትር፦ አይሰማም ጌታዬ። እኔም አላይም። መስቀለኛ መንገድ ላይ መኪኖቹ ሲቆሙ ድምፃቸው ይለወጣል፣ ተራዬን አውቃለሁ። አደባባይ ላይ ግን ድምፁ አያቋርጥም። የሚዞረው መኪና ወደ እኔ ይውጣ ወይስ ዙሩን ይቀጥል፣ ጆሮ አይለየውም። ፍሬቻ ደግሞ ድምፅ የለውም።

ለአባትህ እንዲህ በላቸው። ከቁልፉ ሳጥን ሥር በእጃቸው ይዳብሱ። አንዳንድ አገር እዚያ ትንሽ ሾጣጣ ነገር አለች፤ ለእግረኛ ሲፈቀድ ትዞራለች። ከሌለች ወይም ካልዞረች ብቻቸውን አይግቡ። አላፊ አግዳሚውን ይጥሩ፣ ክርኑን ራሳቸው ይያዙ እንጂ አይጎተቱ። መንገዱ መሐል ላይ የእግረኛ ማረፊያ ደሴት ካለ እዚያ ቆመው እንደገና ይጀምሩ። ሁለት ረድፍ ከሆነ አንዱ መኪና ቆመ ብለው አይመኑ፤ የቆመው በሌላው ረድፍ የሚመጣውን ይሸፍናል።

የዜብራ ዳር፦ ልክ ነው። የሚያግዛቸውም ሰው በዜብራው ይውሰዳቸው፤ ከክቡ አንድ መኪና ያህል ወደ ኋላ ያለው በምክንያት ነው። ሊገባ የቆመ ሹፌር ዓይኑ ክቡ ላይ ነው፣ ከፊቱ የሚያልፈውን እግረኛ አያይም። በኋላው ማለፍ ይሻላል።

መሪ ጨባጭ፦ ቁልፉን ጠበቅ አድርገው ተጫኑት?

ነጭ በትር፦ ቸኩያለሁ፣ አባትህ ተሻገሩ? ሾጣጣዋስ ነበረች?

ሳቂታው፦ ስልኩን ይዞ እየሮጠ ይሆናል።